መከነች የተባለችው ምንጭ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ አንዲት ምንጭ ነበረች። የጥንት ሰዎች ዙሪያዋን በድንጋይ ክበው አሸንዳ አበጁላት፤ እስከ ቀበና ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር ሁሉ ከእሷ ይቀዳ ነበር። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱ ሴቶችም ሸክማቸውን አሳርፈው ፊታቸውን የሚታጠቡት እዚያው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከድንጋዩ ውስጥ የማቃሰት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ውኃው ታፍኖ ይቆይና ደፍርሶ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይጠራል። አንዲት እንጨት ለቃሚ ልጅ ይህን ሰምታ፣

«እማማ፣ ይህች ምንጭ እኮ እያማጠች ነው የምትቀዳው» አለች።

«ምንጭ ሁሉ እንዲሁ ነው ልጄ። እኛም ስንሰማው ነው ያደግነው» አሏት አሮጊቷ፣ እንስራቸውን እያዘሉ።

ዓመታት አለፉ። ውኃው እየቀጠነ ሄዶ በአንድ የግንቦት ወር አሸንዳው ጭራሽ ደረቀ። ሰፈሩ ተሰበሰበና «መክናለች» አለ። አንዱ ርግማን ነው አለ፤ ሌላው ትተናት ሌላ ጉድጓድ እንቆፍር አለ። ዕድሜ ልካቸውን የጠጡላት ሰዎች ዞር ብለው ሳያዩዋት ያልፉ ጀመር።

ያቺ ልጅ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። ወደ ታች ወርዳ ምንጭ በመሥራት የታወቁ አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። እሳቸውም «ለመሆኑ ከፍቶ ያያት ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። አንድም አልነበረም።

ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሡ። ከሁለተኛው ረድፍ ኋላ የባሕር ዛፍ ሥር ብቅ አለ፤ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ሾልኮ ገብቶ አሸንዳውን ከድንጋይ፣ ድንጋዩን ከአፈር ጠፍሮ አስሮታል። ከሥሩ ኋላ ያለው አፈር ርጥብ ነበር። ዛፉ የቆመው ራቅ ብሎ ከበላይ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥተው ተራራውን ካለበሱት ዛፎች ዘር፣ ለስንቱ ቤት ጣራና ማገዶ የሆነ። «ዛፉስ ጥፋት የለበትም» አሉ ሽማግሌው፤ «ያለ ቦታው የገባው ሥሩ ነው።»

ቀጫጭኑን ቆረጡት። ከድንጋዩ ጋር የተዋሐደውን ግን ቢስቡት ክቡ ይናዳልና ተዉት፤ በዚያ በኩል ውኃውን በሌላ ቧንቧ አዙረው አወጡት። መጣ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ጀሪካን ይሞላል። ሲሄዱ እንዲህ አሏት፦ «ሥሩ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ስታቃስት ከሰማሽ ዓመት አትጠብቂ፤ ያኑ ዕለት ጥሪኝ።»

ይህን የተናገርኩት ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ፣ እንቁላል በሚያፈራው ኦቫሪ ላይ፣ በማህፀን ቱቦ ዙሪያ፣ አንዳንዴም በአንጀትና በፊኛ ላይ ይበቅላል። በየወሩ እሱም ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። አካባቢው ይቆጣል፣ ጠባሳ ያወጣል፣ አንዱ አካል ከሌላው ጋር ይጣበቃል፤ እንቁላሉ የሚያልፍበት መንገድም ይጠባል ወይም ይዘጋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ሕመሙ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ሰው ይነካል።

በሽታው ታውቆ ስም እስኪሰጠው ብዙ ዓመት ያልፋል። በእነዚያ ዓመታት ኮተቤ ወይም ካራ ያለች ተማሪ በየወሩ ከትምህርት ቀርታ ሆዷን ይዛ ስትተኛ የምትሰማው «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚል ነው። አግብታ ልጅ ሲዘገይ ደግሞ ያው አፍ «መካን» ይላታል፤ ባልየው ሳይመረመር። ይህ ግፍ ነው እላለሁ። ሕመሙ ካለባቸው ብዙዎቹ ያለ ምንም ርዳታ ይወልዳሉ። ለሌሎቹ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እንቁላልና የወንድ ዘርን ከሰውነት ውጪ አገናኝቶ ወደ ማህፀን መመለስም አለ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚህ የሚሆን ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ከከፈተ ወዲህ ሕክምናው በመንግሥት ሆስፒታልም ይሰጣል። ሕመሙን ከነጭራሹ የሚነቅል መድኃኒት ግን እስካሁን አልተገኘም። ሕመሙን የሚያስታግሱት የሆርሞን መድኃኒቶችም በሚወሰዱበት ጊዜ እርግዝናን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ለሐኪሟ ከመነሻው ትንገር።

ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ቁርጠት፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ በወር አበባ ቀናት ሰገራ ሲወጣ የሚያም ነገር ካለ ሳይታፈር ለሐኪም ይነገር። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው ከተባለም በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ፣ በማህፀን ስፔሻሊስት እንደገና መታየት ተገቢ ነው፤ ትናንሾቹ ቁስሎች በአልትራሳውንድ ላይታዩ ይችላሉና።