ልጅ ማሳደግን ከመጽሐፍ ስለ መማር

ወላጅ የሆነ ሰው ልጁን የሚያሳድግበትን ጥበብ ከመጽሐፍ ሊማር ይገባዋልን? ወይስ ይህ ዕውቀት ከእናትና ከአያት እንጂ ከወረቀት የማይገኝ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወደ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ «ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈ መጽሐፍ ይገኛልን?» ብሎ ለመጠየቅ የሞከረ አባት ቃሉ ከአፉ እስኪወጣ ድረስ ምን ያህል እንደሚተናነቀው ያውቃል። ስለ ንብ ርባታ ወይም ስለ ሕግ የሚጠይቅ ሰው ትጉህ ይባላል፤ ስለ ልጁ የሚጠይቀው ግን አባትነቱን የተጠራጠረ ይመስላል። ይህ እፍረት ከየት እንደ መጣ፣ ተገቢም መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባናል።

በአገራችን ልጅ የወላጆቹ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የክርስትና አባቱም፣ የአጎቱም፣ የጎረቤቱም ነው። ጎረቤት ሲያጠፋ ያገኘውን ልጅ ይገሥጽ ነበር፤ ወላጅም ያመሰግን ነበር እንጂ አይቈጣም። በጎንደር አገር የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ገና በለጋነቱ ከቤቱ ይወጣና በየኔታ ቃልና ስማቸውን እንኳ በማያውቃቸው እናቶች ቍራሽ እንጀራ ያድግ ነበር። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ የአስተዳደግ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ባይገኝ አያስደንቅም። ይህም ሲሆን አለመጠየቅ ክብር ነው የሚል ልማድ አልነበረም፤ አዲስ እናት ትጠይቅ ነበርና። የምትጠይቃቸው ባልቴት ግን ከአጥር ማዶ ይገኙ ነበር።

ዛሬ የብዙ ሰው ኑሮ ከዚህ ተለይቷል። ከደባርቅ ተነሥቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረበውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው ድብ ባሕርን ያገኛል። በእንዲህ ያለች አነስተኛ ከተማ የሚያገለግል መምህር ወይም የግብርና ሠራተኛ በዝውውር የመጣ የሌላ አገር ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስትወልድ እናትዋ ከጎጃም ወይም ከወሎ ይመጣሉ፤ ገንፎውን ያገነፋሉ፣ ሕፃኑን ያጥባሉ፣ የአራስነቱ ወራት ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በእኩለ ሌሊት ሲያለቅስ ባልና ሚስት እርስ በርስ ይተያያሉ። ስልክ አለ ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የአያት ዕውቀት አብዛኛው በእጅና በዓይን ያለ ስለ ሆነ በስልክ ሲነገር ግማሹ ይቀራል።

የአያትን ዕውቀት የምናከብረው መርምረን መሆን አለበት። አራስን ማሳረፍ፣ ልጅን አዝሎ መዋል፣ ጡትን ለረጅም ጊዜ ማጥባት፣ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት የዛሬ ሐኪሞችም የሚያመሰግኑት ነው። ነገር ግን እነዚያው እጆች እንገሩን ቆሻሻ ነው ብለው አልበው ይደፉት ነበር፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ ያውጡት ነበር፤ እንጥል ያስቈርጡ፣ ግግ ያስወጡ ነበር፤ ይህም በየቦታው ፈጽሞ አልቀረም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ግን ከክፋት የተነሣ አልነበረም፤ እጅግ ስለሚወዱት ነበር። እንግዲህ «ለልጅ ፍቅር ይበቃዋል» የሚሉ ሰዎች ይህን ሊመልሱልን ይገባል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ባለሙያዎችን ወደ ገጠር መላክ ከጀመረ፣ በ1990ዎቹም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት መሄድ ከጀመሩ ወዲህ በዚህ ረገድ ብዙ ተለውጧል። ሆኖም ትምህርታቸው በአመዛኙ ስለ ሰውነት ነው፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ንጽሕና። የልጁ ልብ ሲታወክ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ሰው አሁንም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

የመጽሐፍ ወገን ነን ስንል ግን መጽሐፍ አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. «ኤሚል» የተባለውን ዝነኛ የአስተዳደግ መጽሐፍ አሳተመ፤ የራሱን አምስት ልጆች ግን ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰጥቷቸው ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆን ዋትሰን በ1928 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ፣ ጧት ጧት እጃቸውን ጨብጠው ሰላም እንዲሉአቸው መከረ። የሰሜን እናቶች ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር፤ መሳቃቸውም ትክክል ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ያወጣው ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ ደግሞ ወላጆችን «ከምታስቡት በላይ ታውቃላችሁ» በሚል መንፈስ አበረታትቶ በዓለም የተወደደ ሆነ፤ ይሁን እንጂ በኋላ እትሞቹ ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ የሰጠው ምክር ለድንገተኛ ሞት የሚያጋልጥ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሐኪሞች ሕፃን በጀርባው ይተኛ ይላሉ። በመጽሐፍና በልማድ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል፤ የተጻፈ ስሕተት የጻፈው ሰው ስም ስላለበት መርማሪ ያገኘዋል፣ በሚቀጥለውም እትም ይታረማል። ልማድ ግን ማን እንደ ጀመረው ስለማይታወቅ ተከራካሪም አይገኝለትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር በዘለቀ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ልጆችም የመድፍ ድምፅ ሰሙ፣ ሊያዩት የማይገባቸውንም አዩ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት የሰባት ዓመት ልጅ ትቶት የነበረውን የሌሊት ሽንት እንደገና ቢጀምር፣ እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ቀሚስዋን ይዞ ቢያለቅስ አባቱ ምን ያድርግ? የለመደው መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ልምጭ ነው፣ ሁለተኛው በጎረቤት ልጆች ፊት ማሳፈር ነው። ሁለቱም ፍርሃትን በፍርሃት ላይ ይጨምራሉ። ስለዚህ ነገር ያጠኑ ሰዎች የሚሉት በጥቂት ገጽ ሊጻፍ የሚችል ነው፦ ይህ የልጁ ጥፋት እንዳልሆነ ንገረው፤ የደረሰውን ነገር አትዋሸው፣ ግን በአጭሩና በዕድሜው ልክ አስረዳው፤ የሚበላበትና የሚተኛበት ሰዓት እንዳይዛባ ጠብቅ፤ ይጫወት፤ ወራት አልፈው ካልተሻለው ወደ ባለሙያ ውሰደው። ይህን ያላወቀ አባት ክፉ ሰው አይደለም። ልጁ ግን ይህን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው መመታቱን ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መልካም ነው። ነገር ግን መምህሩ በክፍል ውስጥ የጣለውን አርጩሜ ማታ በቤቱ ሲያነሣ እናያለን። ሕጉ በትሩን ከእጁ አስጣለው እንጂ በምትኩ ምን እንደሚይዝ አልነገረውም፤ ያንን መንገር የሕግ ሥራ አይደለምና። የመጽሐፍ ሥራ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ የት አለ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ይባላል። አርእስቱ የቈየ ልማዳችንን ያሳያል፤ ምክር የሚሰጠው ለልጅ ነው፣ አባት መካሪ እንጂ ተመካሪ አይደለም። ዛሬ ስለ አስተዳደግ በአማርኛ የተጻፉም የተተረጐሙም መጻሕፍት በአዲስ አበባ መደብሮች ይገኛሉ፤ ወደ ወረዳ ከተሞች ግን እምብዛም አይደርሱም። በወረዳ መደርደሪያ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የተማሪ መማሪያና ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ወመዘክር ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው አብርሆት ድረስ ታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት በዋና ከተማ ናቸው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አሳስቧቸው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም በአዋሳ አህያ የሚጐትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ለሊማሊሞ አገርም አህያ እንግዳ አይደለችም።

መጽሐፉ ቢመጣ እንኳ ችግሩ በዚህ አያበቃም። የንባብ ክፍላችን ጸጥታን ይፈልጋል፤ ሕፃን ያዘለች እናት ገብታ ልጅዋ ቢያለቅስ ሁሉ ዞሮ ያያታል። ስለ አስተዳደግ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት እርስዋ ሆና ሳለ ልታነብበት የማትችለው ቦታ ይኸው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ወደ ቤት ሊሰጥ ይገባል፤ በስም ተመዝግቦ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። «ይጠፋል» ይባላል፤ አንዳንዱ በእርግጥ ይጠፋል። ቅጠሉ በሽሮ የተበከለ፣ ልጁ በእርሳስ የጫረበት ሆኖ የሚመለስም ይኖራል፤ ይህ መነበቡን ስለሚያሳይ እንደ ጉዳት ባይቈጠር እንወዳለን። ነገር ግን ለጐደለው መጽሐፍ ሁሉ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከደመወዙ እንዲከፍል በሚደረግበት ቦታ ቍልፉን አጥብቆ ቢይዝ በእርሱ መፍረድ አይገባም፤ አስቀድሞ መለወጥ ያለበት የንብረት ደንቡ ነው።