መከላከል መፍራት ነውን?

የእግር ኳስ ክርክር ከንቱ የትርፍ ጊዜ ወሬ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ጀግንነትና ስለ ፍርሃት፣ ስለ ግል ክብርና ስለ ጋራ ግዴታ ያለውን እምነት እንደ ኳስ ሜዳ ሳይሸፋፍን የሚገልጽበት መድረክ ጥቂት ነው። የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳርና ጎንደር አውራ ጎዳና በሚገነጠልባት በወረታም ቢሆን፣ ብሔራዊ ቡድናችን በአህጉራዊ ውድድር ሲሰለፍ የቡና ቤቱን ተመልካች ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተከላክሎ ነጥብ መጋራት ይሻላል ወይስ አጥቅቶ መሸነፍ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ስለ አሰላለፍ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል። ጨዋታ ጥበብ ነው፤ ጥበብም ድፍረትን ይጠይቃል። አሥር ሰው በግብ ክልሉ ፊት ደርድሮ ዘጠና ደቂቃ መቆም ተመልካቹን መካድ፣ ራስንም መናቅ ነው። ለዚህም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይጠቅሳሉ። በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈው ቡድናችን በግብጽ ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አድርጎ፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፏል። ያን ዋንጫ ያመጣው መከላከል አልነበረም ይላሉ።

ሁለተኛው ወገን በበኩሉ፣ ጉልበቱን ሳይለካ የሚጋጠም ሰው ደፋር ሳይሆን ግድየለሽ ነው ሲል ይመልሳል። ለዚህ ወገን ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ ልክ ከ51 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የታየው ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ሲጋጠም ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ በአሥር ሰው ቀረ፤ ግብም ተቆጠረበት። ሆኖም ሳይበተን ቆይቶ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። እነዚያን አሥር ሰዎች ፈሪ ናቸው የሚል ማን ነው?

ነገር ግን ውጤት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ከአራት ቀን በኋላ ያው ቡድን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ግብ ሳይቆጠርበት ቢቆይም፣ በመጨረሻ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተረታ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ያ ጨዋታ ያለ ግብ ቢያልቅም ቡድኑ ከምድቡ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ በዚያች ዕለት ግብን መጠበቅ ብቻውን የትም አያደርስም። በዛምቢያ ጊዜ ግን ያው ሥራ ተስፋን በሕይወት አቆየ። አንድ ዓይነት ድርጊት በሁለት ቀናት ሁለት ትርጉም ያገኘው ለምንድን ነው? ትርጉሙ የሚገኘው ከቅርጹ ሳይሆን ከይዘቱ፣ ማለትም ከሚከላከሉለት ዓላማ ስለሆነ ነው።

ይህን ነገር የፎገራ ሜዳ ሰው ከኳስ በፊት ከውኃ ተምሮታል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደደረሰው ያለ ከባድ ጎርፍም ቤትና ንብረት ያጠፋል። ገበሬው ከውኃ ጋር በግንባር አልተዋጋም። ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ አካባቢ ሩዝን ሲያስተዋውቁ ደግሞ ጠላት ተብሎ የኖረው ውኃ የምርት መሣሪያ መሆን ጀመረ። እንግዲህ ጎርፍ ሲመጣ ሦስት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ ሁሉን ጥሎ ይሸሻል። ሌላው የአፈር ግድብ ሠርቶ፣ ውኃውን በማሳው ውስጥ ይዞ፣ ፍሬውን ይጠብቃል። ሦስተኛው ግን የራሱን ማሳ ለማዳን ውኃውን በጎረቤቱ ላይ ይለቃል። ከሩቅ ለሚያይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያው ግድብ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

የሦስተኛው ሰው ሥራ በኳስ ሜዳ ላይ በግልጽ የታየው ሰኔ 18 ቀን 1974 ዓ.ም. በስፔን ሂኾን ከተማ ነው። በዓለም ዋንጫው ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሲጋጠሙ፣ ጀርመን በአንድ ግብ ብታሸንፍ ሁለቱም የሚያልፉበት፣ አልጄሪያ የምትወድቅበት ስሌት ነበር። ግቧ በ10ኛው ደቂቃ ተቆጠረች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ኳስ ወደ ኋላ እየመለሱ ሰዓቱን ፈጁ። የተጣሰ ደንብ አልነበረም፤ ነገር ግን ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1፣ ቺሌን 3 ለ 2 ያሸነፈችው አልጄሪያ ጨዋታዋን አንድ ቀን ቀድማ ጨርሳ ስለነበር የምትከላከልበት ሜዳ እንኳ አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዋንጫ የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲደረጉ ተወሰነ። በሂኾን የታየው መከላከል አልነበረም፤ የሚከላከሉት ባላጋራ አልነበረምና። ይልቁንም ዋጋውን በሌለ ሰው ላይ የጣለ ስምምነት ነበር።

የመጀመሪያው ሰው፣ የሚሸሸው፣ ደግሞ የባሰ መልክ አለው፤ ምክንያቱም ሽሽቱን ጥንቃቄ ብሎ ሊጠራው ይችላል። መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ጊኒ ለዋንጫው ማሸነፍ ነበረባት፤ ለሞሮኮ ግን አቻ መውጣት ይበቃት ነበር። ጊኒ ቀድማ ግብ አገባች። ሞሮኮ እስከ 86ኛው ደቂቃ ደርሳ አቻ በመሆን ዋንጫውን ወሰደች። አቻ መውጣት የሚበቃው ቡድን እንኳ ያንን አቻ ያገኘው ወደ ፊት ሄዶ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ብሂል ፍርሃትን ብቻ መመሪያው ላደረገ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይሁንና ተመልካቹም ከፍርድ ነጻ አይደለም። ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው። በሌላው ጉልበት ጀግና መሆን፣ በሌላው ውድቀትም ክብርን መፈለግ ቀላል ነው። በአሥር ሰው የቀረውን ቡድን «አጥቃ!» የሚለው ድምፅ ከሽንፈቱ ድርሻ የሚወስድ መሆኑን አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ሸክሙን የማይካፈል ድፍረትን የመጠየቅ መብት የለውም።

ይህ ክርክር ከሜዳው ውጭ የሚመለከተን ለዚህ ነው። ስህተት እንዳይገኝበት ብቻ የሚጽፍ ደራሲ፣ ተማሪ እንዳይጠይቀው ከመጽሐፉ ውጭ የማይናገር መምህር፣ ከበላዩ ወቀሳ እንዳይመጣበት ውሳኔን ሁሉ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚገፋ የሥራ ኃላፊ፣ ሁሉም ራሳቸውን ተከላካይ ይላሉ። መመዘኛው ግን አንድ ነው። የምንጠብቀው ነገር ነገ የሚያፈራ ነውን? ሸክሙን ከጎናችን ካሉት ጋር ተካፍለነዋልን? ከእኛ ማሳ የመለስነው ውኃስ በማን ማሳ ላይ ወረደ? የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ ከግድቡ ማዶ ያለውን ጎረቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ግድቡን የሠራው ሰው ብቻውን ሊመልሰው አይችልምና።