ስለ ቀለህ ልክ

በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ሁሉ መልካም ሥራ ነው ወይ? ጥያቄው የክፍል ጥያቄ ይመስላል፤ እኛም መጀመሪያ ያነሣነው ስለ ካንት ስንከራከር ነው። በወረቀት ላይ እንዳይቀርብን ግን ወደ አንዲት ትንሽ የናስ ዕቃ፣ ወደ ቀለህ ልንወስደው ፈለግን።

ጥይት ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ባዶው ቀለህ እግር ሥር ይወድቃል። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮች ጠመንጃ (የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው) ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ግን ጥይት ተራ ዕቃ አልነበረም፤ በገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ቀለሁም ቢሆን አይጣልም። ተለቅሞ፣ ከቂጡ ያለው መለኮሻ ተለውጦለት፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ወደ ዝናር ይመለሳል።

የልክ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የቀለህ ናስ ሰባ እጁ መዳብ፣ ሠላሳ እጁ ዚንክ ገደማ ነው። ሲተኮስ በግፊቱ ያብጥና ጥይቱ የተቀመጠበትን የጠመንጃ ክፍል ግጥም አድርጎ ይደፍነዋል፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይኸው ማበጡ ነው። ታዲያ በተተኮሰና ወደ ቀድሞ ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር ናሱ ወደ አፉ እየተሳበ ቀለሁ ይረዝማል፤ ይህም በተለይ ኀይለኛ ግፊት ባላቸው በኋለኞቹ ጥይቶች ይታያል። ከልኩ ያለፈ ቀለህ አፉ ከክፍሉ ጫፍ ጋር ይጋጭና እርሳሱን አንቆ ይይዘዋል፤ ግፊቱም ከመጠን ያልፋል። ስለዚህ አፉ በሞረድ ወይም በመቁረጫ ይከረከማል፣ ሻካራው ጠርዝ ይለሰልሳል። አንዱን አሳምሮ መከርከም ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም እኩል ካልሆኑ አንዱ እርሳሱን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ስለሚይዝ ጥይቱ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ይመታል። የ7.62 በ51 ጥይት ቀለህ ቢበዛ 51.18 ሚሊሜትር ነው፤ በውጭ አገር ለስፖርት የሚተኩሱ ሰዎች ከዚያ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይከረክሙታል። ሩብ ሚሊሜትር! ይህ ጽሑፍ ከታተመበት ወረቀት ሁለት ሦስቱ ቢደራረብ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው እናስብ። በ1929 ዓ.ም. ጫካ ውስጥ ለአርበኞች ቀለህ የሚሞላ ባለ እጅ ነው እንበል። መለኪያ የለውም፤ ያልተተኮሰ ጥይት ጎኑ አቁሞ በዓይኑና በጥፍሩ እያመሳከረ ይሞርዳል። (ቀን ቀን «ቡዳ» እያለ የሚሰድበው ጎረቤት ማታ ማታ ቀለሁን ይዞ በሩን ያንኳኳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ስድቡ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አግኝቷል።) የዚህን ሰው ጥንቃቄ «ሙያ ነው» ብለን ብቻ ማለፍ አልቻልንም። የሚጠነቀቀው ለአንድ ሰው ነው። ነገ ጠመንጃውን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ቃታ ለሚስበው፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ልጅ ዓይን ይጨነቃል። ቸል ቢል የሚፈነዳው በዚያ ልጅ ፊት ላይ ነውና ልኩን ሲጠብቅ በቦታው ለሌለ ሰው የገባውን ቃል ይጠብቃል።

ነገር ግን ያው ሞረድ ሌላም ሰው ይነካል፤ እርሳሱ የሚሄድበትን ሰው። እርሱ በባለ እጁ ሐሳብ ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚገባው ዒላማ ሆኖ ነው። ተኳሹ ዓይን አለው፣ ጉንጭ አለው፣ እናት አለችው፤ ያኛው ርቀት ብቻ ነው። ይህን ያህል የጠራ ጥንቃቄ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራል ማለት ነው።

«ወራሪን ለመመለስ የተሞላ ቀለህ ምን ነቀፋ አለበት?» ይለናል አንድ ጓደኛችን። እሺ ይሁን፤ ስለ 1929 ከእርሱ ጋር አንጣላም። ዳሩ ግን በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ጠመንጃው አብሮት አልወጣም። ለነጻነት የታጠቀ ዝናር ለወሰን ጠብም ለደም መላሽም ይታጠቃል። ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ እርጋታና ራስን መግዛት እንኳ በጎ ፈቃድ ከሌለበት የክፉውን ሰው አስፈሪነት እንደሚያብሱት ያስረዳል። እንቀበለዋለን፤ ግን አልበቃንም። የኛ ባለ እጅ በጎ ፈቃድ አለው። ችግሩ ቀለሁ ከፈቃዱ በላይ መኖሩ ነው።

አሪስቶትል ደግሞ ነገሩን ያወሳስብብናል። በእጅ ጥበብ ዐውቆ የሚሳሳት ሳያውቅ ከሚሳሳት ይሻላል፤ በማስተዋል ግን ዐውቆ መሳሳት ይብሳል ባይ ነው። እንግዲያው ባለ እጁን ጠላት ይዞ «ለባንዳ ሙላ» ቢለውስ? ልኩን የሚያውቅ ሰው ነውና አንድ ሚሊሜትር አስረዝሞ ሊተወው ይችላል። ሙያው አልጎደለም፤ እንዲያውም በሙያው ነው ያበላሸው። ጀግና ልንለው አፋችንን ስንከፍት አንዲት የክፍላችን ልጅ «የሚፈነዳው በማን ፊት ነው?» አለች። በግድ ተመልምሎ የመጣ የገጠር ልጅ ፊት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈልን፤ እስካሁንም እንደተከፈልን ነን።

ሞረዱንና ናሱን ሌላ እጅ ላይ ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ ላይ፣ ጠበል ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሴቶች ይኖራሉ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የመጡት ምን ተስፋ ይዘው እንደወጡ አንባቢ ይገምተው። ከባሕር ዛፍ ጭራሮ ሸክም ሌላ እንጀራ በማይገኝበት ተራራ ላይ አንዳንዶቹ የጌጥ ሥራ ያዙ፤ እንጦጦ ቤት አርቲዛን የተባለው ድርጅት በዚህ ይታወቃል። በየጦር ሜዳው የቀረው ቀለህ በገበሬ ይለቀማል፣ ከ900 ዲግሪ በላይ ይቀልጣል፣ ዶቃ ይሆናል፣ እነርሱ ሰክተው የአንገት ጌጥ ያደርጉታል። (ሶቪየት ሠራሹ የክላሽንኮቭ ቀለህ አብዛኛው ብረት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ዘመናችንን በብዛት የገደለው ቀለህ ጌጥ እንኳ አይወጣውም።)

እዚህም ልክ አለ። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ጌጡ አንገት ላይ ይጣመማል። ሆኖም ከዶቃዎቹ አንዱ ትንሽ ቢወፍር ማንም አይሞትም፤ ጭራሽ የውጭ አገር ገዢ «በእጅ የተሠራ ነው» ብሎ ይወድለታል። በቀለህ ላይ አደጋ የነበረው የሰው እጅ ምልክት በዶቃ ላይ ዋጋ ያወጣል። የሴትዮዋ ጥንቃቄ ወደ ማታውቀው አንገት ይሄዳል፣ ወደ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያም ይሄዳል። በመካከል ርቀት ሆኖ የሚቀር ሰው የለም። ከባለ እጁ የምትለይበትን ነገር ስንፈልግ ያገኘነው ይህን ነው፤ በናሱ ውስጥ ብንፈልግ አናገኘውም ነበር።

«እንግዲያው ናሱ ነጻ» ለሚሉን ግን አንቸኩል እንላቸዋለን። በቀለህ ቂጥ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። ያ ርቀት ብቻ ሆኖ የቀረው ሰው ስም የለውም፣ መቃብሩም አይታወቅም፤ የሞተበትን ዘመንና መሣሪያው የመጣበትን አገር የሚጠቁም ምናልባት ያቺ ጽሑፍ ብቻ ናት። ናሱ ሲቀልጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሷ ነው። ለሴቶቹ ይህን ማንሣት ነውር ይሆናል፤ የእነርሱ ሥራ እንጀራ ነው። እኛ ግን ደብተርና ጊዜ አለን። ቀለሁ ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ምልክቱን፣ ዓመቱንና የተለቀመበትን ቦታ መጻፍ ለአንድ ቀለህ ሦስት መስመር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ ለመውጣት የሚፈቅድ ካለ ስሙን ለመጽሔቱ ክፍል ይስጥ፤ እስካሁን አራት ነን።