ያለንና የያዝነው

አክስቴ ቡፌዋ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ስድስት የሻይ ስኒዎች ነበሯት። የቡፌው ቁልፍ ከመቀነቷ አይለይም። እኛ ልጆች በመስታወቱ እናያቸዋለን እንጂ ነክተናቸው አናውቅም። «ለትልቅ እንግዳ ናቸው» ትል ነበር። ትልቁ እንግዳ ሳይመጣ ቀረ፤ ሻይ መጀመሪያ የተጠጣባቸው በራሷ ለቅሶ ላይ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አክስቴ ስኒዎቹ ነበሯት ወይስ ይዛቸው ብቻ ነው የኖረችው?

የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጥያቄው በቋንቋዎች ታሪክ ውስጥም አለ። ላቲን «ቴኔሬ» የሚል ግስ ነበረው፤ በእጅ መያዝ፣ መጨበጥ ማለት ነው። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ወረሱት፤ አጠቃቀማቸው ግን ለየቅል ሆነ። ፈረንሳዩ «ትኒር» ሲል ዛሬም በዋናነት መያዝ ማለቱ ነው፤ ለንብረት ሌላ ግስ አለው። መደበኛው ጣሊያንኛም እንደዚሁ ነው። ስፓኒሽ ግን ለንብረት የነበረውን የድሮ ግስ ቀስ በቀስ ገፍቶ በቦታው «ቴኔር»ን አስቀመጠ። ፖርቱጋልኛ በ«ቴር»፣ የናፖሊ ሰዎችም በአገራቸው አነጋገር ያንኑ አደረጉ። እንግዲህ ለስፓኙ ሰው «ቤት አለኝ» ማለት ከሥሩ ሲታይ «ቤት ጨብጫለሁ» ማለት ነው። ረሃብንም፣ ፍርሃትንም፣ ዕድሜንም በዚሁ ግስ ይይዛል፤ «ሠላሳ ዓመት ይዣለሁ» እንደማለት።

የኛስ? አማርኛ ለንብረት የተለየ ግስ የለውም። «አለሁ» ስል መኖሬን፣ «አለኝ» ስል የአንድ ነገር ለኔ መኖርን እናገራለሁ፤ ግሱ ያው ነው። «ላም አለችኝ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በሰዋስው ደንብ፣ ባለቤቷ እኔ ሳልሆን ላሟ ናት! መያዝም ቢሆን ብዙ ጊዜ በኛ ላይ ይመጣል፦ ጉንፋን ያዘኝ፣ ሥራ ያዘኝ፣ ፍቅር ያዘኝ። እዚያ ያዡ ሰው ነው፣ እዚህ የሚያዘው ሰው ነው።

ኤሪክ ፍሮም በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ መኖርና ስለ ንብረት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ብዙ ቋንቋዎች ለንብረት የተለየ ግስ እንደሌላቸውና ግሱ ከግል ሀብት ጋር አብሮ ያደገ እንደሚመስል ጽፏል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። ባለጉልቱ «አለኝ» እያለ በአማርኛ ሲናገር ኖሯል፤ ግሱ ስለጎደለው ለጭሰኛው አልራራም። ወንድማማቾችም በርስት ክርክር ዕድሜያቸውን በችሎት ደጅ ጨርሰዋል። ሰዋስው ቸር አያደርግም።

ሕጋችንስ ቢሆን? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው አለ። የገበሬው ወረቀት ታዲያ «የይዞታ ማረጋገጫ» ይባላል። ይይዛል፣ ያርሳል፣ ያወርሳል፤ አይሸጥም። መንገድ ወይም ፋብሪካ በማሳው ላይ ሊያልፍ ሲመጣ፣ በመያዝና በባለቤትነት መካከል ያለው ልዩነት ለሱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ምንም ለሌለው ሰው «መያዝ ከንቱ ነው» ብሎ መስበክ ነውር ነው። አክስቴም ስስታም አልነበረችም፤ ማጣትን ስለምታውቅ እንዳይሰበርባት ነው የቆለፈችው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ግን አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ስፓኙ ያንኑ የንብረት ግሱን ይወስድና «ኬ» የምትል ቃል ሲያስከትልበት ግዴታ ይሆናል፤ «ቴንጎ ኬ» ይላል፣ የግድ ነው ለማለት። እኛም «አለኝ» ላይ አንዲት «ብ» ስንጨምርበት «አለብኝ» ይሆናል። ሀብትና ዕዳ ከአንድ ግስ ወጡ። ከዚህ ተነስቼ ትምህርት ልስጥ ብል ራሴ ያፈረስኩትን መልሼ መገንባት ይሆንብኛል። ቋንቋ አያስገድደንም፤ ሊያስታውሰን ግን ይችላል። ያለው ሰው አለበት። ስኒ ያለው ሰው እንግዳ አለበት።

አክስቴ ይዛቸው ኖረች፤ የነበሯት ግን አይመስለኝም። ከስድስቱ ሁለቱ ዛሬ እኔ ቤት ናቸው። የአንዱ እጀታ ተሰብሯል፤ የጎረቤት ልጅ ነው የሰበረው። ሻይ እንጠጣበታለን።