ክሬዲት ከመሰብሰባችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ እየሠራችሁ ኤም.ቢ.ኤ ለመማር የምታስቡ ልጆቻችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የምትጀምሩት «በክሬዲት ስንት ነው?» ከሚለው ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና ነው። አስቀድማችሁ ዲግሪውን የሚሰጣችሁን ትምህርት ቤት ቁረጡ፤ ቀጥሎ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ምን እንደሚቀበል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ኮርስ መልቀም ከዚያ ወዲያ ነው። ክሬዲት የሚሻገረው ተቀባዩ ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ፣ ፈቃድ ያላገኘ ርካሽ ኮርስ ገንዘብም እንቅልፍም ያባክናል።

ሒሳቡን እንየው። አንዱ ትምህርት ቤት በክሬዲት 350፣ ሌላው 500 ዶላር ያስከፍላል እንበል። የመጀመሪያው 54 ክሬዲት ቢፈልግ 18,900 ዶላር ይመጣል፤ ሁለተኛው በ36 ክሬዲት ቢያስመርቅ 18,000። ርካሽ የተባለው ተወደደ። ነገር ግን ከ54ቱ ውስጥ 18ቱ እንደ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ ያሉ መሠረታዊ ኮርሶች ቢሆኑና በባችለር ስለተማራችኋቸው ነፃ ብትደረጉ፣ ያው ትምህርት ቤት 12,600 ላይ ይቆማል። ብዙዎቻችሁ ችላ የምትሉት ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ይመስለኛል። የማስተርስ ክሬዲት ማዛወር ጠባብ በር ነው፤ በአብዛኛው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ክሬዲት ቢፈቀድ ነው፣ ያውም ውጤቱ ቢና ከዚያ በላይ ሆኖ ኮርሱ ብዙ ዓመት ካልቆየ። ከመሠረታዊ ኮርስ ነፃ መሆን ግን ሰፊ ነው፤ የጎደለውንም ትምህርት ቤቱ ከተስማማ በሰፈራችሁ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በትንሽ ገንዘብ ትሞሉታላችሁ። ክሌፕ የሚባለው ፈተና የባችለር ክሬዲት ማግኛ ነው፤ የኤም.ቢ.ኤ ክሬዲት ያስገኛል ብላችሁ አትመዝገቡ።

ዲግሪያችሁን ከኢትዮጵያ ይዛችሁ ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። እንደ ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ያሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ሁለት ዓይነት ሪፖርት ይሰጣሉ። ርካሹ ዲግሪው ከምን እንደሚመጣጠን ብቻ ይናገራል፤ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረው ዋጋው ከፍ ይላል። በርካሹ ሪፖርት አካውንቲንግ መማራችሁና ምን እንዳመጣችሁ ስለማይታይ፣ ከኮርስ ነፃ ልሁን ማለት አይቻልም። ባችለሩን በሦስት ዓመት የጨረሳችሁ፣ ትምህርት ቤቱ የሦስት ዓመት ዲግሪ ይቀበል እንደሆነ የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ከኦንላይኑ ወገን፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኦንላይን ትምህርት አቅራቢው ኮርሴራ ጋር የከፈተው ኤም.ቢ.ኤ ሲጀመር ጠቅላላ ክፍያው 22,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው በ2020 በ24,000 ጀመረ። ዋጋው ከመነሻው እንዲህ ዝቅ ሲል ክሬዲት ለማዛወር መልፋት ብዙም አያዋጣም። ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚያስከፍለው በስድስት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻላችሁትን ያህል ኮርስ መጨረስ ትችላላችሁ። ለፈጣን ሰው ግሩም ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ግን ስድስት ወሩ ሳያውቀው ያልቃል፤ ሌላ ስድስት ወር ይከፍላል።

«ርካሽና ኦንላይን ዲግሪ አሠሪ አይንቀውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ሊናቅ የሚገባው እውቅና የሌለው ነው፤ እሱንም በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የመረጃ ቋት ውስጥ በደቂቃዎች ማጣራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1916 የተቋቋመው ኤ.ኤ.ሲ.ኤስ.ቢ የተባለ ድርጅት የሚሰጠው እውቅና የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ማዕረግ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወይም ወደ ዶክትሬት ለመዝለቅ ለሚያስብ ይጠቅማል፤ በሆስፒታል ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት እድገት ለሚፈልግ የዩኒቨርሲቲው እውቅና ብዙ ጊዜ ይበቃል። ተቃውሞው ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ዎል ስትሪት ወይም ትልልቅ አማካሪ ድርጅቶች ለመግባት የሚመኝ ሰው በዋናነት የሚገዛው ግቢው ድረስ የሚመጡትን ቀጣሪዎችና የክፍል ጓደኞቹን ስለሆነ፣ ርካሹ መንገድ ያንን አይሰጠውም።

ገና ብድር ሳታስቡ የመሥሪያ ቤታችሁን ሰው ኃይል ጠይቁ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ መክፈል ይችላል። ልኬቱ በፈረንጅ ዓመት ስለሆነ፣ በመስከረም የተጀመረ የሁለት ዓመት ትምህርት ሦስት ዓመት ይነካል፤ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ሙሉውን ከከፈለ 15,750 ዶላር ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ከተመረቃችሁ በኋላ ስንት ጊዜ እንድትቆዩ እንደሚያስገድድ፣ ቀድማችሁ ብትለቁም ምን ያህል እንደምትመልሱ ውሉን አንብቡ።