የተበደለች ትናገር፤ ሲትር የበዳይ መደበቂያ አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ መልእክታችን ብዙዎቻችን ልንሰማው የማንወደው፣ በብዙ ቤት ውስጥ ግን ያለ ጉዳይ ነው። በሴት ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት። «እንዲህ ዓይነት ነገር በጁሙዓ ቀን ይወራል እንዴ? ሐያእ የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ በላይ ሐያእ ነበራቸው። ነገር ግን ሐያእ ሐቅን ከመናገር አልከለከላቸውም። በደልን አይቶ ዝም ማለት ሐያእ ተብሎ አይጠራም።

ከጃሂሊያ እንጀምር። በሱረቱ ነሕል ላይ አላህ ሴት ልጅ ተወለደችልህ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረውን፣ ከሰው የሚደበቀውንና በውርደት ያቆያት ወይስ አፈር ውስጥ ይቅበራት እያለ የሚያመነታውን አባት ይነግረናል። በሱረቱ ተክዊር ደግሞ የቂያማ ቀን ሲገለጽ፣ ከነሕይወቷ የተቀበረችው ልጅ በምን ጥፋት እንደተገደለች እንደምትጠየቅ ተነግሯል። አስተውሉ! ጥያቄው የሚቀርበው ለእሷ ነው። በዱንያ ማንም ያልሰማት ልጅ በዚያ ቀን ትሰማለች።

ዛሬ ልጁን ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀብር አባት በመካከላችን የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘመድ ያደረገባትን ለእናቷ ስትነግር «ዝም በይ! ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሰው ምን ይለናል?» ከተባለች እሷንም በሌላ መንገድ ቀብረናታል። የጃሂሊያው አባት ልጁን የቀበረው «ውርደት» ብሎ ነበር። እኛም ድምፅዋን የምንቀብረው በዚያው ቃል ነው።

ጥቃቱ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የምናስጠነቅቀው ከማያውቁት ሰው ነው። ከረሜላ ሰጥቶ ከሚወስድ እንግዳ ሰው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት አድራሹ ልጅቷ የምታውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ አከራይ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም መላ አገሪቱን ያስለቀሰውን የባሕር ዳሯን የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ አስታውሱ። ደፍሮ የገደላት ሰው እናቷ ቤት የተከራየችው አከራይ ነበር። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ዛሬ በሕይወት ካሉ ሴቶች ውስጥ ከ370 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም ከስምንት አንዷ፣ 18 ዓመት ሳይሞላቸው የመደፈር ወይም የወሲባዊ ጥቃት ሰለባ ሆነዋል።

ዲናችን ይህን አደጋ ቀድሞ አሳይቶናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንዶች ሴቶች ዘንድ ብቻቸውን እንዳይገቡ ሲያስጠነቅቁ አንድ ሰው ስለ ባል ዘመድ ጠየቃቸው። እሳቸውም የባልን ዘመድ ከሞት ጋር አመሳሰሉት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለምን? ከሩቅ ሰው ሁሉም ይጠነቀቃል፤ የቤት ሰው ግን ሳይጠረጠር ይገባል፣ ሳይጠረጠር ይወጣል። ይህ ማለት አጎትን ሁሉ በክፉ ዓይን እንይ ማለት አይደለም። «የእኛ ሰው ነው» የሚለው ቃል ልጅን ብቻዋን ትቶ ለመሄድ በቂ ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙ ቤተሰብ ዝም የሚለው በክፋት አይደለም። «የሙስሊምን ገመና መሸፈን ታዟል፣ የሸፈነን አላህ ይሸፍነዋል» ብሎ ነው። ሐዲሱ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ሲትር ተንሸራቶ ከራሱና ከጌታው ጋር ለጨረሰው ሰው ነው። የሌላውን አካልና ሕይወት ያበላሸ፣ ነገም ሌላዋን ሊያበላሽ የሚችል ሰው ግን ዛሊም ነው። ዛሊምን መሸፈን ሲትር ሳይሆን መተባበር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ ሲሆን እንድንረዳው አዘዋል። በዳዩን እንዴት እንደምንረዳው ሲጠየቁም ከበደሉ በመከልከል እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ አጎትህን የምትረዳው እጁን ስትይዝ ነው።

በሱረቱ ኒሳእ 148ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ክፉ ነገርን ጮክ ብሎ መናገርን እንደማይወድ ይነግረንና ወዲያው አንድ ሰው ለይቶ ያወጣል፤ የተበደለን። ሱብሓነላህ! ሰው ሁሉ «ነውር ነው፣ ዝም በይ» የሚላትን ልጅ ጌታዋ እንድትናገር ፈቅዶላታል። አላህ ለመዝሉም የሰጠውን ፈቃድ እኛ ማን ሆነን ነው የምንነጥቃት?

በመዲና የሆነውንም እናስታውስ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዲት ሴት ለሰላት ወጥታ መንገድ ላይ አንድ ሰው በኃይል ደፈራት። ጮኸች። ሰዎች ደረሱላት፤ ጉዳዩም ነቢዩ ዘንድ ደረሰ። ለእሷ የነገሯት አላህ ይቅር እንዳላትና በሰላም እንድትሄድ ነው። ለምን ብቻሽን ወጣሽ አላሏትም። ምን ለብሰሽ ነበር አላሏትም። ለምን ቶሎ አልጮኽሽም አላሏትም። ተጠያቂ የሆነው ያጠቃት ሰው ነው። በሱረቱ ኑርም ሴቶችን ለዝሙት ማስገደድ ሲከለከል፣ ለተገደዱት አላህ መሓሪና አዛኝ መሆኑ ተጠቅሷል። የተገደደች ልጅ ወንጀል የለባትም። ክብሯም አልተነካም። ክብሩን ያጣው የደፈራት ነው።

«ግን እኮ አራት ምስክር ያስፈልጋል» ብለው የልጅቷን አፍ የሚያዘጉም አሉ። የሱረቱ ኑር አንቀጽ የሚናገረው ጥብቅ ሴቶችን በዝሙት ስለሚወነጅሉ ሰዎች ነው። የሴቶችን ክብር ከሐሜተኛ ለመጠበቅ የመጣን ድንጋጌ ተበዳይን ለማፈኛ መጠቀም ፍትሕ አይደለም። «ተበደልኩ» ብላ ለቤተሰቧ፣ ለሐኪምና ለሕግ የምትናገር ልጅ ስም አጥፊ አትባልም።

ሌላው ችግራችን ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ለአባትየው የሆነ ያህል ገንዘብ ይሰጣል፣ ፋቲሓ ተቀርቶ ነገሩ ይዘጋል። አንዳንዴም «ያው ያገባትና ይለቅ» ይባላል። እርቅ በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው። ነገር ግን የልጅቷን ሐቅ አባቷ ሊሸጠው አይችልም። ለማግባትም ቢሆን ፈቃዷ መሠረት ነው። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) አባቷ ያለፈቃዷ ሲድራት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመለከተች፤ እሳቸውም ጋብቻውን አፈረሱት። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። በሰላሙ ጊዜ ያለፈቃዷ መዳር ካልተፈቀደ፣ ላጠቃት ሰው መዳር እንዴት ይፈቀዳል?

የአገራችንም ሕግ ለዚህ በር አይከፍትም። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። የቀድሞው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። አሁን ግን ማግባቱ ከተጠያቂነት አያድነውም። አላህም በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ ለፍትሕ እንድንቆም አዞናል። ይህን አንቀጽ መቅራት ቀላል ነው። የሚከብደው ተከሳሹ የአክስት ልጅ ሲሆን ነው።

ጥቃት ሳይደርስ ምን እናድርግ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ አዘዋል። ቤታችን ጠባብ ቢሆንም የአቅማችንን እንለይ፤ እንግዳ መጣ ብለን ሴት ልጅን ከአዋቂ ወንድ ጋር አንድ ክፍል አናስተኛ። ሱረቱ ኑር ሕፃናትን ሳይቀር በቀን ሦስት ጊዜ አስፈቅደው እንዲገቡ ታስተምራለች። ልጅ ከዚህ የምትማረው የራሷ የሆነ ገላና ቦታ እንዳላት ነው። ቁርኣን የሚያስቀራም ሆነ ሒሳብ የሚያስጠና ሰው በር ዘግቶ ከአንዲት ልጅ ጋር ለብቻው አይቀመጥ። ጥሩ ኡስታዝ በሩ ክፍት ይሁን ሲባል አይከፋውም፤ እንዲያውም ራሱ ይከፍተዋል።

ከገጠር «እያስተማርናት እናሳድጋታለን» ተብላ የመጣችውን ልጅም አንርሳት። ኩሽና የምትተኛው፣ ወላጆቿ ሩቅ የሆኑባት ልጅ አማና ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁላችንም እረኞች እንደሆንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። በቤትህ ውስጥ ስላለችው ስለ እሷም ትጠየቃለህ።

አላህ አያድርገውና ጥቃት ከደረሰስ? ወንድሜ፣ እህቴ፣ እነዚህን ያዙ። መጀመሪያ እመኗት። አትቆጧት፣ ደጋግማችሁም አትመርምሯት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ» በሏት። ሁለተኛ፣ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። ልብሷን ከቀየረችም ሳይታጠብ አስቀምጡት፤ ማስረጃ ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ሦስተኛ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። አዲስ አበባ ላላችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም አትቅሩ። አራተኛ፣ ከበዳዩ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አታስድሯት።

እኛ ስልክ የያዝን ወጣቶችስ? የተጎዳችን ልጅ ፎቶ፣ ስም ወይም ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ አናዘዋውር። ለእሷ አዝነን ያጋራነው ምስል ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ሲትር የሚገባት እሷ ናት። ኮሜንት ላይ ገብተን «ምን ለብሳ ነበር?» ብለን አንጻፍ። በሌላ በኩል፣ ባልተጣራ ወሬ የሰውን ስም እየለጠፍን ዳኛ አንሁን። ጉዳዩን ሐኪሙና ሕጉ ያጣሩት። የእኛ ድርሻ ከተጎዳችው ጎን መቆምና የምናውቀውን ሳንደብቅ መመስከር ነው። ምስክርነትን የሚደብቅ ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነ አላህ በሱረቱል በቀራ ነግሮናል።

ይህን እያነበብሽ ያለሽ፣ በውስጥሽ የያዝሽው ነገር ያለሽ እህቴ ሆይ! ሆድ ይፍጀው ብለሽ ስንት ዓመት ተሸከምሽው? አንቺ አልረከስሽም። ሰላትሽም፣ ዱዓሽም፣ ነገ የምትመሠርቺውም ትዳር በዚህ አይበላሽም። የመዝሉም ዱዓ ከአላህ የሚጋርደው ነገር የለም። ግን በዱዓ ብቻ አትወሰኚ፤ የምታምኛትን አንዲት ሴት ምረጪና ንገሪያት። የመጀመሪያዋ ካልሰማችሽ ለሁለተኛዋ ንገሪ።

እጁ ያለበት ሰውም ካነበበው ይህን ይወቅ። የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አይዘጋም። ተውበትህ የሚጀምረው በደሉን ስታቆም፣ ከልጆች ስትርቅና ለፍትሕ ስትቀርብ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። ፋጢማ (ረ.ዐ) ስትገባ ከመቀመጫቸው ተነስተው ይቀበሏት ነበር። የእሳቸው ኡመት ነን ካልን፣ በየቤታችን ያለች ሴት ልጅ ስትናገር ተነስተን እንስማት። ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት ስትመለሱ ታናሽ እህታችሁን ጠጋ በሏትና «ማንም የሚያስፈራሽ ነገር ካደረገ ለእኔ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» በሏት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጅ ታድናለች፣ ኢንሻአላህ።

ያ አላህ! ሴት ልጆቻችንን በአንተ ጥበቃ ሥር አድርግልን። የተጎዱትን አሽርልን፣ ልባቸውን ጠግንላቸው። ለመዝሉሞች ተሟጋቾች እንጂ የዛሊም መሸሸጊያ አታድርገን። አሚን፣ ያ ረበል ዓለሚን።

በዚህ ቀን ሱረቱል ከህፍ መቅራትንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ። ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁም አድርሱት።

ጁሙዓ ሙባረክ! ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።