የወንዝ ማደሪያ

ከጎሮ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ ከሶፍ ዑመር ዋሻ ሲደርስ የሚያስደንቅ ነገር ያያል፤ ከባሌ ተራሮች የመነጨው የወይብ ወንዝ ከገደሉ ሥር ገብቶ ይሰወራል። የዋሻው መተላለፊያ ሁሉ ሲለካ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከመግቢያው የቆመ ሰው የውኃውን መውጫ አያይም፤ ስላላየም ወንዙ በዚያ አለቀ የሚል የለም። ከዚያ እጅግ ርቆ ስላለው ስለ ወንዙ መጨረሻ ስናስብ ግን ብዙዎቻችን ይህን ማስተዋል እናጣዋለን።

ወይብ በቆላው ጌስትሮ ተብሎ ከገናሌ ይቀላቀላል፤ በዶሎ አጠገብ ዳዋ ሲጨመርበት ጁባ ይባልና የሶማሊያን ምድር አቋርጦ፣ ከኪስማዮ በላይ በጎብዌን ዘንድ ከህንድ ውቅያኖስ ይገባል። በወንዝ አፍ ጣፋጩ ውኃ ስለሚቀል በላይ ይንሳፈፋል፤ ጨዋማው በሥሩ ይገባል፤ ወንዙ የተሸከመው ደለል በዚያ ይረጋል። ከደለሉ ጋር የመጣው ምግብ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዕፀዋትን ያበቅላል፤ እነዚህም ለዓሣው ግልገል መኖ ይሆናሉ። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው መተረታቸው ከደጋ ሆኖ ለሚመለከት እውነት ነው፤ ማደሪያው ግን እነሆ ይህ ነው።

«ውኃችን በከንቱ ወደ ባሕር ይፈስሳል» የሚለው ንግግር በየስብሰባው ይሰማል፤ እኔም ተናግሬዋለሁ። ይሁን እንጂ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዓባይን ጎርፍ ሲይዝ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበው ደለል ከግድቡ ሐይቅ ቀረ። በወንዙ አፍ ፊት ይጠመድ የነበረው የሰርዲን ዓሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ አነሰ፤ በረሺድ አጠገብም ባሕሩ ቀድሞ የጀመረውን የብስ መብላት አባሰው። በከንቱ ይፈስስ ነበር የተባለው ውኃ ለካ ሥራ ነበረው።

ግብፅ ግድቡን የሠራችው በክፋት አይደለም። እኛም በገናሌ ላይ 254 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን ግድብ በ2012 ዓ.ም. መርቀናል፤ መብራት ለሚሻ ሕዝብ ይህ መብቱ ነው። የጎሮና የሲናና ገበሬም ስንዴውን ሲዘራ ማንን በደለ? ዝናብ ከማሳው የሚያጥበው አፈር ለብቻው ቢመዘን ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ከተራቆተ ተዳፋት ሁሉ የሚወርደው ደለል ሲበዛ የወንዙን አፍ ያንቀዋል፤ ግድብ ይዞ ሲያስቀረው ደግሞ ያስርበዋል።

እንግዲህ ማንም ሳይበድል የሚመጣ ጉዳት የማን ዕዳ ነው? «የሁሉም ነው» ማለት ለጆሮ ያምራል፤ ዳሩ ግን የሁሉም የሆነ ዕዳ ጠያቂም ከፋይም አያገኝ። እኔ ዕዳው የዐዋቂው ነው እላለሁ። ገበሬው የሚያየው ማሳውን ነው፤ ካርታውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከሳነቴ እስከ ጎብዌን በጣቱ የሚከተል ሹም ግን «የማላውቀው ሰው ነው» ብሎ የጎብዌንን ዓሣ አጥማጅ ሊክደው አይችልም።

በእጄ ባለፉት የውኃ ዕቅዶች ለመስኖ፣ ለመብራት፣ ለመጠጥ የሚሆነው እየተለየ ተጽፎአል። ለወንዙ አፍ የሚቀረውን የሚያመለክት መሥመር በአንዱም አላየሁም፤ እንዲጨመርም አልጠየቅሁም።